«አትፍቀድ» የሚሉት ሐጂ

ከደብረ ማርቆስ ወደ የጁቤ የሚሄደው ሚኒባስ ለመሙላት አንድ ሰው ብቻ ቀርቶት ነበርና ፋኢዛ እያለከለከች ስትገባ ክፍት ሆኖ ያገኘችው ከአንድ ሽማግሌ ጎን ያለውን ቦታ ነው። ሽማግሌው ነጭ ኮፍያ አጥልቀው፣ አዲስ ጣቃ ጨርቅ በማዳበሪያ ጠቅልለው በጉልበታቸው ላይ ይዘው ነበር። ሰላምታዋን በሙሉ መለሱላትና ጥቅሉን ወደ ራሳቸው ሰብሰብ አድርገው «ተቀመጪ ልጄ፤ ይበቃናል» አሏት።

ፋኢዛ ከዩኒቨርሲቲ በሶፍትዌር ሙያ ከተመረቀች ሁለት ዓመቷ ነው። የክፍል ጓደኛዋ ከነበረው ከአብይ ጋር ማርቆስ ገበያ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይተው «አድርሱኝ» የሚባል የስልክ መተግበሪያ ሲሠሩ ከርመዋል። ሥራው ቀላልና ደግ ነው። ምጥ የያዛት ወይም በድንገት የታመመ ሰው ስልኩ ላይ አንዲት ቀይ ክብ ሲነካ ጥሪው በአካባቢው ላሉ ባለባጃጆች ይደርሳል፤ ከሁሉ የቀረበው ይነሣና ሰውየውን ጤና ጣቢያ ያደርሰዋል። የየጁቤ ባለባጃጆች በተራ ሊያገለግሉ ቃል ገብተው ነበር። ያን ቀን ፋኢዛ የምትሄደው መተግበሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው እጅ ለመሞከር ነው።

ሚኒባሱ ከከተማ እንደወጣ የሙከራ ስልኳን አወጣች። መተግበሪያውን አጥፍታ እንደገና ጫነችው። ስልኩ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ሲደረድርባት እሷ ዓይኗን በመስኮቱ አሻግራ ጤፉን እያየች፣ በአውራ ጣቷ ብቻ «ፍቀድ፣ ፍቀድ፣ ፍቀድ» የሚለውን ነካ ነካ አደረገችው።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ ሲመለከቱ ቆይተው ነበርና «ልጄ፣ ሳታነቢ የምትነኪው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቋት።

«ፈቃድ ነው አባባ። አፑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያሉበትን ቦታ ልይ፣ የመዘገቧቸውን ስልክ ቁጥሮች ልይ እያለ ያስፈቅዳል። እኔም እፈቅድለታለሁ።»

«የሠራውስ ማን ነው?»

«እኔና ጓደኛዬ ነን» አለች፤ ኩራቷን መደበቅ አልቻለችም።

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «እንግዲያ ጠያቂዋም አንቺ፣ ፈቃጇም አንቺ ነሽ። ሰው በገዛ ደጁ ቆሞ "ልግባ ወይ?" ብሎ፣ ራሱ መልሶ "ግባ" ቢል፣ ስለ እንግድነት ምን ያውቃል?»

ፋኢዛ ሳቀች። የሽማግሌ ጨዋታ ነው ብላ አለፈችው። የቀረውን መንገድ ስለ ዘንድሮ ዝናብና ስለ መንገዱ ጎርባጣነት ሲያወሩ ሄዱ። የጁቤ ሲወርዱ የሐጂ አብዱራህማን የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የት እንደሆነ ጠየቀቻቸው፤ ባለባጃጆቹ በስልክ አንድ ነገር ነግረዋት ነበርና፦ የጁቤ ውስጥ ሐጂ አብዱራህማን ያልተቀበሉትን ነገር ስልኩ ላይ የሚጭን ሰው አይገኝም፤ መጀመሪያ እሳቸውን ካላሳመንሽ አትልፊ ብለዋት ነበር። ሽማግሌው «መንገዳችን አንድ ነው፣ ተከተይኝ» ብለው ቀደሙ። ከአንድ ሰማያዊ በር ፊት ሲደርሱ ከኪሳቸው ቁልፍ አውጥተው ከፈቱና «ግቢ እንግዲህ፤ ሐጂ አብዱራህማን እኔ ነኝ» አሏት። ፋኢዛ በሚኒባስ ውስጥ የተናገረችውን ሁሉ በልቧ ከለሰችው፤ የሚያሳፍር ነገር ግን አላገኘችበትም።

ሐጂ ሻይ አስመጡላት። ምራታቸው ሀጀራ የመውለጃዋ ወር ገብቶ ነበርና ሆዷን በእጇ ደግፋ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ካለው ቤታቸው መጣችና ከእንግዳዋ ጎን ተቀመጠች። ፋኢዛ የመጣችበትን ጉዳይ አንድ በአንድ አስረዳች። ሐጂ በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ ሐሳቡ መልካም መሆኑን መሰከሩ፤ ስልካቸውንም ሰጥተው እንድትጭንላቸው ፈቀዱ። ፋኢዛ በዚህ ፍጥነት ይሆናል ብላ አላሰበችም ነበር።

መነጽራቸውን አድርገው የመጀመሪያውን ጥያቄ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። «"አድርሱኝ ያሉበትን ቦታ እንዲያውቅ ይፍቀዱ?" ይላል። አሁን ታምሜያለሁ? ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ሻይ እየጠጣሁ ነው።» ጣታቸው ቀስ ብሎ ወረደና «አትፍቀድ» የሚለውን ነካ። ሁለተኛው ጥያቄ በስልካቸው ውስጥ የተመዘገቡትን ሰዎች ለማየት ነበር። እሱንም ከለከሉ። ሦስተኛው ካሜራ ጠየቀ፤ ከለከሉ። ያኔ የስልኩ ፊት ነጭ ሆነና መተግበሪያው ራሱን ዘጋ። እንደገና ቢከፍቱት ብልጭ ብሎ ጠፋ። ሦስተኛ ጊዜ ሞከሩት፤ ያው ነው።

«ተቀየመ» አሉ ሐጂ፣ ለሀጀራ ስልኩን እያሳዩ። ሀጀራ ሳቋ አመለጣት።

ፋኢዛ ሁሉንም ቢፈቅዱለት በደንብ እንደሚሠራ፣ ስምንት ወር ሙሉ በየቀኑ ሲሞክሩት አንድም ቀን እንዲህ ሆኖ እንደማያውቅ ነገረቻቸው። ሐጂም ይህን ቃል ተንተርሰው፣ ከሚኒባሱ የጀመረውን ክርክር ቀጠሉ።

«ልጄ፣ የምነግርሽን በክፉ አትዪብኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ የማላውቀው አፕ ስልኬ ላይ ተጫነ። ጥያቄውን ሁሉ እሺ አልኩ፤ አላነበብኩም። በማግስቱ በእኔ ስም "እንኳን ደስ ያለዎት፣ ሽልማት ወጥቶልዎታል" የሚል መልእክት በስልኬ ውስጥ ላሉት ሰዎች ሁሉ ሄደ። ከእነዚያ ሰዎች መካከል አባታቸውን ቀብረው ገና ከለቅሶ ያልተነሡ ቤተሰብ ነበሩ። "ሐጂ በሐዘናችን ተሳለቁብን" አሉ። እውነት አላቸው። ቤት ለቤት እየዞርኩ ይቅርታ ስጠይቅ ሰነበትኩ። ከዚያ ወዲህ የሚጠይቀኝን ሁሉ "አትፍቀድ" ነው የምለው።»

«በደረሰብዎት ነገር በጣም አዝናለሁ ሐጂ» አለች ፋኢዛ። «ነገር ግን የእኛ እንደዚያ አይደለም። አንዲት እናት ምጥ ቢይዛት ባለባጃጁ ያለችበትን ካላወቀ እንዴት ይደርስላታል? ዶክተር ጋ ሄዶ የሚያመውን አላሳይም እንደሚል በሽተኛ መሆን አይሆንብንም?»

«በሽተኛው ሆዱን ሲያመው ሆዱን ያሳያል። ዶክተሩ ግን ገና ከበር ሲገባ ልብስህን በሙሉ አውልቅ አይለውም። ካሜራውስ ለምጥ ምን ያደርጋል?»

ፋኢዛ ካሜራውን ማን፣ ለምን እንዳስገባው ራሷም አታስታውስም ነበር።

«እኛ ከልጅነታችን የተማርነው አንድ ሥርዓት አለ» አሉ ሐጂ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰው ቤት ስትሄጂ ሰላምታ ታቀርቢያለሽ፣ ማን እንደሆንሽና ለምን እንደመጣሽ ትናገሪያለሽ። እስኪመልሱልሽ በበሩ ስንጥቅ አታዪም። ሦስት ጊዜ አስፈቅደሽ ካልተፈቀደልሽ ሳትቀየሚ ትመለሻለሽ፤ ባለቤቱ ምክንያት አለው። ሳሎን አስገቡኝ ብለሽም ቁም ሣጥን አትከፍቺም። እኔ አልሰጥም አላልኩም። አጠያየቃችሁ እንግዳ አይመስልም ነው ያልኩት።»

«ስልክ እኮ ቤት አይደለም ሐጂ።»

«ከቤትም ይብሳል እንጂ። ቤቴ ውስጥ ያለው የእኔ ሰው ብቻ ነው። ስልኬ ውስጥ ያለው ግን አገር ነው፤ የሰው ሁሉ ቁጥር አደራ ተቀምጦበታል። የሌላውን አደራ እኔ የምፈቅደው በምን ሥልጣን ነው?»

ከዚህ በኋላ ክርክሩ አልቀጠለም። ሐጂ እስከ መናኸሪያው ሸኟት፤ ስትሳፈርም መልካም መንገድ ተመኝተውላት፣ ሥራው ሲስተካከል ተመልሳ እንድትመጣ አደራ አሏት። ፋኢዛ ግን መንገዱን ሁሉ ያብሰለሰለችው ነጭ ሆኖ የጠፋውን የስልኩን ፊት ነበር። ስምንት ወር ሙሉ የሞከሩት አንድ መንገድ ብቻ መሆኑን ያን ቀን ነው የተረዳችው፦ ሁሉን እሺ የሚለውን ሰው መንገድ። እምቢ የሚል ሰው በዓለም ላይ እንዳለ አስበው አያውቁም። የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በዚህ ነው፤ የሠራውን ነገር የሚፈትነው የራሱን ልብ በሚመስል ሰው ላይ ብቻ ነውና ፈተናውን ሁልጊዜ ያልፋል።

አብይ ነገሩን ሲሰማ አልተቀበለውም። እሱ ፈጣንና ታታሪ ልጅ ነው፤ ጥፋቱ መቸኮሉ ብቻ ነበር። ያልፈቀደ ሰው መጀመሪያውኑ እንዳይገባ በሩ ላይ ማስጠንቀቂያ እንለጥፍ፣ ሌሎቹም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት አላት። ካሜራውን ያስገባው ምናልባት ወደፊት ሰዎች ፎቶአቸውን መለጠፍ ይፈልጉ ይሆናል ብሎ ነበር። የቁጥሮቹንም ዝርዝር የጠየቀው ተጠቃሚው የሚጠራለትን ዘመድ እንዲመርጥ ነው። አንድ ቁጥር ለማግኘት መቶውን ከምናይ ሰውየው ራሱ አንዱን ቢጽፍልን ምን ይጎዳናል ስትለው ትከሻውን ነቀነቀ።

ፋኢዛ ከመከራከር ይልቅ የሙከራውን ስልክ ሰጠችውና «ዛሬ አንተ ሐጂ አብዱራህማን ነህ። እሺ እንዳትል» አለችው።

አብይ እየሳቀ ጀመረ። ሁሉን ሲከለክል መተግበሪያው ወደቀ። ቀጥሎ «በዚህ ጊዜ ብቻ» የሚለውን መርጦ ዘጋውና መልሶ ከፈተው፤ ወደቀ። ሳቁ እየቀነሰ ሄደ። በመጨረሻ ሁሉን ፈቅዶ ቀይዋን ክብ ነካ፣ ጥሪው በመሄድ ላይ ሳለም ወደ ስልኩ ቅንብሮች ገብቶ የቦታውን ፈቃድ መልሶ ወሰደ። በዚህ ጊዜ መተግበሪያው አልወደቀም። «ባጃጅ እየመጣልዎ ነው» ይል ጀመር። አብይ የባለባጃጁ ወገን ሆኖ የተዘጋጀውን ሌላውን ስልክ አነሣው። ምንም አልደረሰውም። አንዱ ስልክ እየመጣ ነው ይላል፤ በሌላው ስልክ የተጠራ ሰው የለም።

አብይ ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠና «አንዲት ሴት ይህን አምና ብትቀመጥ ኖሮ» ብሎ ጀመረ፤ አልጨረሰውም።

ከዚያች ሰዓት በኋላ ሐጂን የሚቃወም አልነበረም። ትልቅ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጠፉና መተግበሪያው የሚጠይቀውን እያንዳንዱን ፈቃድ በአንድ ወገን፣ ሰው ሊመልስ የሚችለውን ሁሉ በሌላው ወገን በሳጥን በሳጥን ከፍለው ጻፉ። አንዱ ይፈቅዳል፤ አንዱ ይከለክላል፤ አንዱ ለአንድ ጊዜ ብቻ ይላል፤ ሌላው ፈቅዶ ሲያበቃ ሐሳቡን ይለውጣል፤ ደጋግሞ የከለከለውን ደግሞ ስልኩ ራሱ ዳግመኛ እንዳይጠየቅ ያደርገዋል። ሳይነኩት ወራት ያለፉትም መተግበሪያ ፈቃዱን እንደሚነጠቅ አብይ አስታወሰ። እያንዳንዱን ሳጥን በእጃቸው እየሞከሩ፣ የወደቀውን እያቃኑ፣ አንዱ ሲሞላላቸው እየተጨባበጡ ዐሥራ ሁለት ቀን ሠሩ። ካሜራው ወጣ። የቁጥሮቹ ዝርዝር ወጣ፤ በቦታው ዘመድ የሚጻፍበት አንድ መስመር ገባ። ቦታን የሚመለከተው ጥያቄ ከመክፈቻው ተነሥቶ ቀይዋ ክብ ስትነካ ብቻ እንዲመጣ ተደረገ፤ ከጥያቄውም በፊት ለምን እንደሚፈለግ በአንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ተጻፈ። ለከለከለ ሰው ደግሞ በከተማው የታወቁ ምልክቶች ተዘረዘሩለት፤ መስጊዱ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ የገበያው በር እና የመሳሰሉት።

ፋኢዛ ተመልሳ የሰማያዊውን በር ደፍ ስትረግጥ ሐጂ መነጽራቸውን ለመፈለግ አልዘገዩም። መተግበሪያው ምንም ሳይጠይቅ ተከፈተ፤ ይህ ብቻውን ቅንድባቸውን አስነሣው። ለሙከራ ቀይዋን ክብ ነኩ። ቦታዎን ልይ ወይ ሲላቸው «አትፍቀድ» አሉ። «እሺ» የሚል ጽሑፍ መጣ። «ቦታዎን ሳላይም አገለግላለሁ። ለቤትዎ የሚቀርበውን ምልክት ይምረጡ።» ሐጂ ይህችን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበቧት። ዘግተው ቢከፍቱት አልተቀየመም።

«ጨዋ ሆኗል» አሉ በመጨረሻ። «ነገር ግን የሰው ጨዋነት የሚታወቀው በችግር ቀን ነው። እስቲ እንየው።» ቢሆንም ጎረቤቶቻቸውን እንዳይጭኑ አልከለከሉም፤ ሀጀራም በራሷ ስልክ ላይ አስጫነች። በሚጠራው ዘመድ መስመር ላይ የሐጂን ቁጥር ጻፈች፤ ስትለማመድም እንደ አማቷ ቦታዋን ሁለት ጊዜ ከለከለች። ሐጂ ይህን አይተው ደስ አላቸው።

ዘጠኝ ቀን አለፈ። አንድ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ የፋኢዛ ስልክ ጠራ፤ ሐጂ ነበሩ። ከጀርባቸው የመኪና ጩኸት ይሰማል። ሀጀራን በአምቡላንስ ይዘው ወደ ማርቆስ ሆስፒታል እየገቡ መሆኑን በሁለት ቃል ነግረዋት ዘጉ። ፋኢዛና አብይ የጀመሩትን ሥራ እንዳለ ትተው ሮጡ። ሐጂን ከማዋለጃው ክፍል ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አገኟቸው፤ አጠገባቸው እንዳላማው የሚባለው የየጁቤ ባለባጃጅ ቆሟል። ሰውየው አልለይም ብሎ አብሮ መጥቶ ነበር።

የሆነውን በየተራ ነገሯቸው። የሀጀራ ባል ዑበይዱላህ ዕቃ ሊያመጣ አማኑኤል ሄዷል፤ ሐጂ ሱቅ ናቸው። ሀጀራ ብቻዋን ቤት ሳለች ምጡ መጣባት፤ ውኃው ፈሰሰ። ቀይዋን ክብ ነካች። ደጋግማ ከልክላ ነበርና ስልኩ ስለ ቦታዋ አልጠየቃትም፤ ቀጥታ ምልክቶቹን አቀረበላትና «ወፍጮ ቤቱ» የሚለውን መረጠች። በዚያው ቅጽበት እንዳላማው የገበያው በር ላይ ሆኖ ጥሪው ደረሰው፤ ለሐጂም መልእክት ገባላቸው። ሐጂ ሱቁን ሳይዘጉ እንደተከፈተ ትተው ወጡ። በአርባ ዓመት ንግዳቸው እንዲህ ያደረጉት ያን ቀን ብቻ ነው። ጤና ጣቢያው ሲደርሱ አዋላጇ ሕፃኑ በእግሩ በኩል እየመጣ መሆኑን አየችና በዚያው አፍታ በአምቡላንስ ወደ ማርቆስ ሰደደቻቸው።

«አንድ ነገር ግን አለ» አለ እንዳላማው፣ መናገር እየከበደው። «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሦስት መንደር አለ። ምልክቱን ይዤ ሁለቱን ዞሬ ነው ሦስተኛውን ያገኘሁት። አምስት ደቂቃ ያህል ባክኛለሁ።»

ሐጂ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ከዚያ ቀና ብለው ወደ ፋኢዛ ተመለከቱ።

«አምስቱን ደቂቃ ያባከንኩት እኔ ነኝ። እናንተ ስትታረሙ እኔ አልታረምኩም። መጀመሪያ የከለከልኩት የማላውቀውን እንግዳ ነበር፤ ያ ልክ ነው። ኋላ ግን ስሙን ነግሮኝ፣ ጉዳዩን ነግሮኝ፣ በሰዓቱ መጥቶ የሚለምነኝን እንግዳም ከለከልኩ። ልጅቱም ከእኔ ተምራ ከለከለች። ይህ ጥንቃቄ አይባልም፤ ግትርነት ነው።»

«ሐጂ፣ እርስዎ ያን ቀን ባይከለክሉን ኖሮ ዛሬ ሀጀራ ስትነካው ይጠፋባት ነበር» አለች ፋኢዛ። «ከዚያም የባሰ ነገር አግኝተንበታል። ባጃጅ ሳይጠራ መጣልሽ ይላት ነበር።»

አብይም ይህን ሁሉ የሠራው እሱ እንደነበርና ማስጠንቀቂያ ለጥፎ ሊያልፈው አስቦ እንደነበር ሳይደብቅ ነገራቸው። ሐጂ እጁን ያዙት፤ ሳይለቁትም የማዋለጃው በር ተከፈተ። ነርሷ የመጣችው እየሳቀች ነው። ሴት ልጅ ናት፤ እናትም ልጅም ደኅና ናቸው። እንዳላማው መሬቱን ስሞ ተነሣ። ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» ማለት ጀምረው ከሦስተኛው በኋላ ማቆም አቃታቸው። ስልካቸውንም አውጥተው ለልጃቸው ለዑበይዱላህ እንድትደውልላቸው ለፋኢዛ ሰጧት።

በሰባተኛው ቀን ሕፃኗ ሳጂዳ ተብላ ስም ወጣላት። በዐቂቃው፣ በሕፃኗ የስም ማውጣት ድግስ ላይ፣ የየጁቤ ሰው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ለየብቻው ማዕድ ተዘጋጅቶለት ግቢውን ሞልቶታል። ምግቡ ከተነሣ በኋላ ሐጂ ተነሥተው ቆሙና በልባቸው ይዘውት የነበረውን ነገር ተናገሩ። ከዚህ በፊት ሁሉን እምቢ በሉ እያሉ ያስተማሩት ግማሽ እውነት መሆኑን ገለጹ። «ሁሉን እሺ የሚል ደጁን ለሌባ ይከፍታል። ሁሉን እምቢ የሚል ደግሞ ሊረዳው የመጣውን ከደጅ ይመልሳል። ስለዚህ አንብቡ። ማን እንደሚጠይቃችሁ፣ ምን እንደሚፈልግና ለምን እንደሚፈልግ እወቁ። ምክንያቱ ከሥራው ጋር ካልገጠመ ከልክሉ፤ ከገጠመ ለሥራው ያህል ስጡ፤ ሥራው ሲያልቅ ፈቃዱ በእጃችሁ ነውና መልሳችሁ ውሰዱ።» ይህን ብለው በሰው ሁሉ ፊት የራሳቸውን ስልክ ከፈቱ፤ ቦታቸውን እንዲያይ «መተግበሪያውን በመጠቀም ላይ ሳሉ» የሚለውን መርጠው ፈቀዱ። ግቢው በእልልታ ተሞላ። ያን ቀን «አድርሱኝ»ን የጫኑት ስልሳ ሦስት ቤቶች ናቸው።

ይሁን እንጂ በዚያው ጨዋታ መካከል አንዲት ጎረቤት ፋኢዛን ወደ ጎን ጠርታ፣ አንብቡ ትሉናላችሁ፣ እኔ ግን ፊደል አልቆጠርኩም፤ ምን እንደሚጠይቀኝ ሳላውቅ ምኑን ልፍቀድ ስትል ጠየቀቻት። በግድግዳው ወረቀት ላይ ይህችን ሴት የሚመለከት ሳጥን አልነበረም። ፋኢዛና አብይ ተያዩ። ወዲያው ሁለቱም ዞረው ወደ ሐጂ ተመለከቱ።

ጥያቄውን በድምፅዎ ያንብቡልን ሲሏቸው ሐጂ እንደ መዝፈን ቆጥረውት ትንሽ ተግደረደሩ፤ ግን እሺ አሉ። ከዐቂቃው ማግስት ሱቃቸው ውስጥ ተቀምጠው፣ ድምፃቸውን እንዲቀዳ ስልኩ ሲያስፈቅዳቸው አንብበው ከፈቀዱ በኋላ፣ ከአፋቸው የሚወጣውን ቃል ሰባት ጊዜ እየደጋገሙ አስተካከሉት። ከዚያ ወዲህ ማንበብ ለማይችል ሰው ከጥያቄው በፊት የድምፅ ምልክት ይታየዋል፤ ሲነካው ጥያቄው በሐጂ አብዱራህማን ድምፅ ይሰማል።

ዛሬ ፋኢዛና አብይ አዲስ ነገር በሠሩ ቁጥር መጀመሪያ የሚፈትኑት በእምቢተኛ ሰው መንገድ ነው። የጠየቁት ፈቃድ ቢያንስም የሚያምናቸው ሰው በዝቷል፤ የሚወድቅ መተግበሪያም የላቸውም። በየጁቤ አራት እናቶች በሰዓቱ ደርሰው ወልደዋል። በቅርቡ ሥራው ወደ አማኑኤል ተሻግሯል፤ እዚያም የመጀመሪያው ሙከራ የተደረገው ወለተ ሰንበት በሚባሉ አሮጊት ቤት ነው። ልጃቸው ነፍሰ ጡር ናት፤ እሳቸው ማንበብ አይችሉም። ፋኢዛ የድምፁን ምልክት እንዲነኩ አሳየቻቸው።

ከስልኩ ውስጥ ረጋ ያለ የሽማግሌ ድምፅ ወጣ፦ «እንደምን ዋላችሁ። እኔ አድርሱኝ ነኝ፤ ባጃጅ ላመጣላችሁ ነው። ቤታችሁ የት እንደሆነ ልይ? ካልፈለጋችሁም ግድ የለም፤ በምልክት እፈልጋችኋለሁ።»

እማማ ወለተ ሰንበት ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ከመቀመጫቸውም ከፍ አሉ።

«ምን ገዶኝ» አሉ ለስልኩ። «ይግቡ።»